ሲለካ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው

(ሁለቱንም በቅርብ አውቃቸዋለሁ ለማለት አልደፍርም። ልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ ሱሪ አሳጥሮልኛል፤ ከጠየቅሁት በላይ አሳጠረው። አዝግም የሚባለው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ልብስ ይተኩሳል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ልብስ ሰፊው ነው። አሁን ሁለቱም የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ውስጥ ተራ እየጠበቁ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ሴትዮ ዳቦ ትበላለች። ሁለቱ በወንበር ይጨቃጨቃሉ።)

ልብስ ሰፊው፦ መስኮቱ ጋ አትቀመጥ አልኩህ እኮ!

አዝግም፦ እዚህ ጋ ነፋስ አለ ጋሼ።

ልብስ ሰፊው፦ ድንገት ዝለል ዝለል ቢልህስ?

አዝግም፦ ምድር ቤት እኮ ነን። ብዘል አበባው ላይ ነው የማርፈው።

ልብስ ሰፊው፦ አየህ! የምታርፍበትን ሳይቀር አስበኸዋል!

አዝግም፦ ያነሱት እርስዎ ነዎት።

ልብስ ሰፊው፦ ና፣ እዚህ እኔና ግድግዳው መሀል ግባ።

አዝግም፦ (ተጣብቦ እየተቀመጠ) እሺ።

ልብስ ሰፊው፦ “እሺ” አልክ? ድሮ በአንድ ቃል “እሺ” አትልም ነበር። ይሄም አንዱ ምልክት ነው።

አዝግም፦ እምቢ ልበል?

ልብስ ሰፊው፦ እልኸኝነትም ምልክት ነው።

አዝግም፦ ዝም ብልስ?

ልብስ ሰፊው፦ እሱማ ዋናው! ስማኝ አዝግም፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሐኪሟ ስትጠይቅህ የማስረዳው እኔ ነኝ። አንተ ራስህን ብቻ ነቅንቅ።

አዝግም፦ ጋሼ፣ ሐኪሟ “ታሟል” ካለች ግን በእውነት አጎቴ ዘንድ ይልኩኛል?

ልብስ ሰፊው፦ የተባባልነው እኮ ነው። አጎትህ ግቢው ሰፊ ነው። ሰው አይበዛብህም።

አዝግም፦ እኔ ከእናንተ መለየት አልፈልግም። ልጆቹ አሉ፣ እህቴ አለች። ደግሞ ካውያዬስ?

ልብስ ሰፊው፦ ካውያ ለአንተ አሁን አደገኛ ዕቃ ነው። ለዚህ ነው የደበቅኩት።

አዝግም፦ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከገበሩ ጨርቅ ጀርባ።

ልብስ ሰፊው፦ ማን ነገረህ? ትከታተለኛለህ ማለት ነው?

አዝግም፦ ሲደብቁት ወንበሩን ይዤልዎት ነበር እኮ።

ልብስ ሰፊው፦ (ትንሽ አስቦ) እሱን ለሐኪሟ አናነሳም። የምናነሳው ሥራ መጥላትህን ነው። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ አፍጥጠህ ትውላለህ።

አዝግም፦ ምን ልተኩስ ጋሼ? ልብስ ከሰፋን ቆየን። ሰዉ ሁሉ ማዶ ከተከፈተው መደብር ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ነው የሚገዛው።

ልብስ ሰፊው፦ የገበያን ነገር ከበሽታ ጋር አታደባልቅብኝ! ለመሆኑ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል?

አዝግም፦ ምን ያደርጋል?

ልብስ ሰፊው፦ እንደ እኔ ነቅቶ ዙሪያውን ይቃኛል!

አዝግም፦ እርስዎ እኮ ዙሪያውን ሳይሆን እኔን ነው ሲያዩ የሚውሉት።

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ ሱቁ ውስጥ ከአንተ ሌላ ምን የሚታይ አለ? ደግሞ ምግብ ትተሃል። ማንኪያህን ታነሳና መልሰህ ታስቀምጣለህ።

አዝግም፦ ማንኪያ ሳነሳ እርስዎም፣ እህቴም፣ ልጆቹም አንገታችሁን ታሰግጋላችሁ። ትናንት አንድ ጉርሻ ስውጥ ትንሿ “ዋጠ!” ብላ አጨበጨበች።

ልብስ ሰፊው፦ ልጅ ናት፣ ደስ ብሏት ነው!

አዝግም፦ ተጨብጭቦበት ሁለተኛውን ማን ይውጠዋል?

ልብስ ሰፊው፦ ማንሾካሾክህስ? ድሮ ሱቅ ውስጥ ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። አሁን ውኃ እንኳ ስትጠይቅ በሹክሹክታ ነው።

አዝግም፦ እኔ ወደ ቤት ስገባ ሁላችሁም ታንሾካሹካላችሁ። የተኛ ሕፃን ያለ መስሎኝ ነው። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ የምን ሕፃን?

አዝግም፦ እኔም እሱን ስፈልገው ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ (ራሱን ይዞ) ጉድ ፈላ! የሌለ ሕፃን ፍለጋ ገብቷል! ይሄን ለሐኪሟ እንዳልረሳ አስታውሰኝ።

አዝግም፦ (በሹክሹክታ) እሺ።

ልብስ ሰፊው፦ አሁን ደግሞ ዙሪያህን እይና ከሰው ተማር። ያ ግድግዳውን የሚዳብሰው ሰውዬ ይታይሃል? ድሮ ጤነኛ ነበር ይሆናል።

አዝግም፦ ቀለም ቀቢ ነው መሰለኝ። ባልዲና ብሩሽ ይዟል።

ልብስ ሰፊው፦ እንዲረጋጋ ብለው ነው የሰጡት። ጥግ ላይ ያለችዋን ደግሞ እያት። ብቻዋን ተቀምጣ ዳቦ ታኝካለች፤ እያኘከች እኛን ታያለች። እንዲህ ዓይነቷ ከባድ ናት።

አዝግም፦ ርቧት ይሆናል።

ልብስ ሰፊው፦ አንተ ለሁሉም ነገር ሰበብ አታጣም! ገበያ ስለጠፋ፣ ስላጨበጨቡ፣ ስለራባት! በሽታ እኮ ከሰውየው ከራሱ ነው የሚወጣው።

አዝግም፦ እነሱስ እኛን ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን?

ልብስ ሰፊው፦ አስታማሚ መሆኔ ፊቴ ላይ ያስታውቃል።

አዝግም፦ የእኔም ፊት እንደዚያ የሚያስታውቅ መስሎኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ክርክር ይብቃ! ማስረጃዬን ይዤ ነው የመጣሁት። (ከኪሱ የልብስ ሰፊ ሜትር ያወጣል።) ተነስ፣ እጅህን አንሳ። ወገብህ በየጠዋቱ እየቀነሰ ነው።

ሴትዮዋ፦ (ማኘኳን አቁማ) በየጠዋቱ ይለኩታል?

ልብስ ሰፊው፦ አይዞሽ እህቴ፣ ተረጋጊ። ሐኪሟ አሁን ትመጣለች።

ሴትዮዋ፦ ልብስ ሰፊ ነዎት?

ልብስ ሰፊው፦ በመቀስና በመርፌ መሀል ነው ያደግኩት!

ሴትዮዋ፦ ታዲያ ሰው ሲለኩ አያስቸግርዎትም? እኔ ሜትር ሲዞርብኝ ሆዴ በራሱ ጊዜ ይገባል።

ልብስ ሰፊው፦ (ደስ ብሎት፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እየጣለ) ይሄን ስንቱ ልብስ ሰፊ አያውቀውም መሰለሽ! ሰው እየተለካ መሆኑን ካወቀ የራሱን ሰውነት አይሰጥሽም። ትንፋሹን ይይዛል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ትከሻውን ይሰቅላል። እኔ ምን አደርጋለሁ? ወሬ እጀምርለታለሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ። ወሬው ሲጥመው ትንፋሹን ለቀቅ ያደርጋል። እውነተኛው ልክ ያኔ ይገኛል! ዝም ብለሽ አፍጥጠሽበት የለካሽው ሰው ልብሱ አይሆነውም፣ ተመልሶ ይመጣል።

አዝግም፦ እኔን ሲለኩኝ ግን ምንም አያወሩኝም ጋሼ።

ልብስ ሰፊው፦ ከአንተ ጋር ምን ወሬ አለኝ?

አዝግም፦ ለዚህ ነዋ ትንፋሼን ይዤ የምውለው።

(ቀለም ቀቢው ባልዲውን አንስቶ ወደ ሌላው ክፍል ሄደ። ሴትዮዋ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈችና አጠገቧ አጥፋ ያስቀመጠችውን ነጭ ጋዋን ለበሰች።)

ሴትዮዋ፦ ይቅርታ፣ ምሳዬን ሳልበላ ስለዋልኩ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ተራው የእናንተ ነው፣ ግቡ።

ልብስ ሰፊው፦ (ብድግ ብሎ) እርስዎ?! እኔ እኮ... ዳቦውን አይቼ...

ሴትዮዋ፦ ሰምቻለሁ። ከባድ ነኝ።

(ወደ ቢሮዋ ገቡ። ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ብቻ ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ከዚህ በኋላ ባለሙያዋ እንላታለን።)

ባለሙያዋ፦ የሚታየው ማነው?

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ ያስታውቃል!

ባለሙያዋ፦ ጥግ ሆኜ ልገምት ሞክሬ ነበር። እሱ እርስዎን ያመጣዎት መስሎኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ እኔን?!

ባለሙያዋ፦ አይቀየሙኝ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሕመምተኛ ይመስላል። ዳቦ የሚበላውም ጭምር።

አዝግም፦ እሺ እኔ... አጎቴ ዘንድ ልሄድ ነው?

ባለሙያዋ፦ ልብስ በሌለበት ሱቅ የቆመ ሰው ግድግዳ ያያል። ቤተሰቡ ሁሉ እያየው የሚበላ ሰው ማንኪያው ይከብደዋል። እኔንም እዚያ ቢያቆሙኝ እንደዚያው ነው የምሆነው። ብቻህን ደግሜ አነጋግርሃለሁ፣ በአንድ ቀን ሰው አይታወቅም። እስከዚያው ግን ከቤት የምትወጣበት ምክንያት አይታየኝም። (ወደ ልብስ ሰፊው) ካውያውን ይመልሱለት። ሲበላ ስለ ሌላ ነገር አውሩ። አታንሾካሹኩ። እሱን መለካትም ይቅር።

ልብስ ሰፊው፦ ቆይ ቆይ። እሱን አመጣሁት፣ መድኃኒቱ ለእኛ ነው የታዘዘው?

ባለሙያዋ፦ አዎ። እሱ የሚውጠው ምግቡን ብቻ ነው።

አዝግም፦ (ጮክ ብሎ) እሰይ! ሐኪም ማለት እንዲህ ነው!

ልብስ ሰፊው፦ ሰሙት? ጮኸ እኮ!

ባለሙያዋ፦ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር ያሉት ድምፅ ይሄ አይደለም?

ልብስ ሰፊው፦ (ፈገግ ሊል ብሎ ተወው) ነው። እሺ ይሁን። እንቅልፉን ግን ምን ይሉታል? ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው የሚያድረው!

ባለሙያዋ፦ እንዴት አወቁ?

ልብስ ሰፊው፦ ሳሎን ሆኜ እሰማዋለሁ።

ባለሙያዋ፦ ሌሊቱን ሙሉ?

ልብስ ሰፊው፦ (በኩራት) እስኪነጋ! ኮሽ ቢል አያመልጠኝም!

አዝግም፦ የምገላበጠው እኮ ሳሎን ውስጥ የሚንጎራደድ ሰው ስላለ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ የምንጎራደደው አንተን ስለምጠብቅ ነዋ!

ባለሙያዋ፦ መንጎራደድ የጀመሩት እሱን ከመጠበቅዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ልብስ ሰፊው፦ እንግዲህ... እሱ እንኳን...

አዝግም፦ በፊት ነው። ማዶ ያለው መደብር የተከፈተ ሰሞን ነው የጀመረው። እህቴ ራሷ...

ልብስ ሰፊው፦ አንተን ማን ጠየቀህ!

አዝግም፦ እኔንማ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ብትጠይቁኝ ያኔውኑ እነግራችሁ ነበር።

(ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወንበሯን ወደ ልብስ ሰፊው አዞረች።)

ባለሙያዋ፦ ሌሊት ሳሎን ውስጥ ብቻዎን ሲቀመጡ፣ ምን ያስባሉ?

(ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መጠቅለል ጀመረ፤ ጠቅልሎ ሲጨርስ ፈታው።)

ልብስ ሰፊው፦ ይሄን... ይሄን እሱ እያለ አልመልስም።

አዝግም፦ ልውጣ ጋሼ?

ልብስ ሰፊው፦ (የአዝግምን እጅጌ ጨብጦ) የት ትሄዳለህ? ተቀመጥ።