ስም በዛብሽ

ጽሑፉን ሰው እንዲያነብለት ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፍ ሰው፣ አንሶላ አጥቦ በረንዳ ላይ ከሚያሰጣ ሰው አይለይም። እንደኔ እስራኤል አገር፣ ኤን ጋኒም ሰፈር ውስጥ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሕንፃዎች መሃል የሚኖር ያውቀዋል፤ እሱ የሚያሰጣው ንጣቱን እንዲያዩለት ነው፣ ጎረቤት ዓይኑ የሚያርፈው ግን የተቀደደው ካልሲ ላይ ነው። ጽፋችሁ የማታውቁ ከሆነ እግዜር አያስጀምራችሁ። የጀመራችሁ ደግሞ የምለው ይገባችኋል፦ ከለጠፋችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ስልኩ ልጅ የታመመባት እናት ያደርጋችኋል። አሁንም ብድግ፣ አሁንም ግንባሩን ዳሰስ።

እኔ ቀን ቀን ክፋር ጋኒም የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። ምሳ አብልቻቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ በስልኬ ታሪክ እጽፋለሁ። የምለጥፈው አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች በተሰባሰቡበት አንድ ቡድን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ያለ አለ፣ ጎንደር ያለ አለ፣ አውሮፓ ገብቶ ብርድ የሚያማርር አለ፣ ከወዲህ ደግሞ እኛ እስራኤል ያለነው ጥቂቶች አለን። ሳያነብ «በርቺ» የሚል አለ። አንብቦ ዝም የሚልም አለ፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። አስተዳዳሪያችን አዲስ አበባ የሚኖር ጨዋ ወጣት ነው፤ ከመለጠፋችን በፊት ለሱ እንልክለታለን፣ እሱም አይቶ ይመክረናል። እኔን ሁልጊዜ የሚመክረኝ አንድ ነገር ነው፦ «እትዬ፣ ስም በዛብሽ፤ አንባቢ ይደናገራል።»

ምን ላድርግ? እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ «አንዲት ልጅ ነበረች» ብሎ ነገር የለም። የማን ልጅ? አያቷ ማን? ለመጋባት ያሰቡ ሁለት ልጆች ዘራቸው ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ሳይሞላ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ እኅትና ወንድም ናቸው፣ ነገሩ አበቃ። ስለዚህ በአንድ መንደር ስለተዋደዱ ወጣቶች ስጽፍ ዘራቸውን አብሬ ጻፍኩ። ስም መፍጠር ሰለቸኝና ከቅርብ ወሰድኩ፤ ለልጅቱ የኔን ቤት፣ ለልጁ የአሚትን ቤት ሰጠኋቸው። አሚት የልጄ የኦሪት እጮኛ ነው፤ ሰርጋቸው የሚመጣው ወር ነው። ያን ሰሞን ከራሴ የማይወጣው የነሱ ነገር ስለነበር እጄም እነሱኑ ጻፈ። ለአስተዳዳሪው ላክሁ። «ግሩም ነው፤ ግን ስም በዛብሽ» አለኝ። ምክር እሰማለሁ፤ ቀነስኩ፣ ለጠፍኩ።

እስከ ምሳ ድረስ ሙገሳ ነበር። «ሰዎቹ በሕይወት ያሉ ይመስላሉ» አለችኝ ከጎንደር አንዷ፤ ደስታዬን ለአሮጊቷ ሳይቀር ነገርኳቸው። ከዚያ የአባ ያይህ ድምፅ ገባ።

አባ ያይህ ነታንያ ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ያነባሉ እንጂ ስልክ ላይ አይጽፉም፤ ድምፃቸውን ቀድተው ነው የሚልኩት፣ ከኋላቸው ሁልጊዜ ቴሌቪዥን ይጮሃል።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ታሪኩን መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው። ግን ልጆቹ አይጋቡም። የልጅቱ ጀምበሬና የልጁ ዋሴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በልጁ በኩል ሰባት ይሞላል፤ በልጅቱ በኩል ስድስት ነው። ነውር ነው። ያላ፣ በሉ ደህና ዋሉ።»

አስተዳዳሪው በትሕትና ጻፈላቸው፦ «አባታችን፣ ይህ እኮ ልብ ወለድ ነው፤ ሰዎቹ የሉም።»

«ልብ ቢወልዳቸውም አያት አላቸው» አሉ አባ ያይህ።

ቡድኑ በሳቅ ፈረሰ። በዕንባ የሚስቁ ቢጫ ፊቶች ተደረደሩ። እኔ ግን ድምፃቸውን ደግሜ ከፈትኩት። ጀምበሬ የኔ አያት ነው! ዋሴም የአሚት እናት በአንደበታቸው የነገሩኝ የሩቅ አያታቸው ነው!

«ታዲያ ሽማግሌ አልቆጠረም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ተቆጥሯል። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠው በአባት በኩል ጨረሱ፣ በእናት በኩል ሊጀምሩ ሲሉ ምግቡ ቀረበ። «በሰደር፣ ደህና ነው፣ ዘመድ አይደለንም» ተባብለው እጃቸውን ታጠቡ። ያን ዕለት እኔም አልከፋኝም፤ ዶሮው እንዳይቀዘቅዝብኝ ነበር ሐሳቤ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ግን ውሸት ነው፤ እኔ የደረሰብኝ ያልፈራሁት ነው።

ልሰርዘው አሰብኩ። ከሰረዝኩት ያመንኩ ይመስላል፤ ከተውኩት ደግሞ ወሬው ይደርሳቸውና የአሚት እናት ያነቡታል፤ እሳቸው ምግብ ቢቀርብም ቆጠራ የሚያቋርጡ አይደሉም። አውቶቡስ ላይ ስልኩን ከፈትኩ ዘጋሁ፣ መውረጃዬን አለፍኩ። ቤት ስገባ ኦሪት የሰርግ ጫማዋን ለማላመድ ካልሲ ደርባ ሳሎን ውስጥ ትመላለሳለች።

«እማ፣ ማ ቃራ? ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ምንም፤ ታሪክ ለጥፌ ነው።»

«ማንም አልወደደልሽም? ዳይ፣ እማ፣ ዜ ራክ ሲፑር!» ተይ እንጂ፣ ታሪክ ብቻ እኮ ነው፣ ማለቷ ነው። ግንባሬን ሳመችኝና ጫማዋን እያንቋቋች ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ያንን ኮቴ እየሰማሁ፣ ለዚህች ልጅ «አሚት ወንድምሽ ነው» የሚል አፍ ከየት ላምጣ እያልኩ ቀረሁ።

ጭንቀት ያሞኛል። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ ወደ ጽሑፉ ተመልሼ ጀምበሬን አወጣሁና በቦታው ቢረሳው የሚል ስም አስገባሁ። የልጄ ዘር በማስተካከያ ቁልፍ የሚስተካከል ይመስል! ቢረሳውን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ አፌ ላይ መጣልኝ፣ ጻፍኩት። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ውስጥ የአባ ያይህ ቴሌቪዥን ጮኸ።

«ልጄ፣ ቢረሳውን አምጥተሽማ ባሰ። ቢረሳው የዋሴ ልጅ አይደለም ወይ? አሁን በሁለቱም በኩል ስድስት ሆነ።»

እዚህ አገር የመጣነው ሁላችንም ዘመድ መሆናችንን ያን ጊዜ አመንኩ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ እኔ በየት በኩል ብሸሽ አመዱ ላይ እወድቃለሁ። በማግስቱ አሮጊቷን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ፣ ከሕንፃው በር ፈንጠር ብዬ ለአባ ያይህ ደወልኩ።

«አባባ፣ ያቺ የታሪኩ ልጅ...»

«አቤት ልጄ?»

«ልጄ ናት።»

ቴሌቪዥኑን ሲዘጉት ሰማሁ፤ እሳቸው ቴሌቪዥን የዘጉበት ነገር ቀላል አይደለም ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ገምቼ ነበር» አሉ። «ለሌለች ልጅ ይህን ያህል አያት የሚሰጥ የለም። በይ፣ ጽሑፉን ተይው። አባትሽ እንዳስተማሩሽ ከአፍሽ ቁጠሪልኝ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። በልጅነቴ አባቴ እያስደገሙኝ አደርገው እንደነበረው በአንድ ትንፋሽ ወረድኩት። «ኦሪት የእኔ፣ እኔ የታከለ፣ ታከለ የአድማሱ፣ አድማሱ የፈንታ፣ ፈንታ የመኮንን፣ መኮንን የጀምበሬ...»

«ቆይ። ማን አልሽ?»

«መኮንን።»

«ከሱ በፊት።»

«ፈንታ።»

«ፈንታ በጽሑፉ የለም።»

ቀልቤ ተመለሰ። «ቆርጬው ነው አባባ። ስም በዛብሽ ብለውኝ።»

ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ነገር ሰማሁ። «ሰው አያቱን ያሳጥራል እንዴ? ጀምበሬ ስድስት፣ እናትየዋ ሰባት። ሞላ ልጄ፤ ይጋቡ። ጥሪውንም እንዳትረሺ፣ እኔና አንቺ በአራት እንገናኛለን።»

እዚያው ግድግዳው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። አሮጊቷ ከወንበራቸው ሆነው «ሰው ሞተብሽ?» አሉኝ፤ ተነሣልኝ ማለት በዕብራይስጥ አልመጣልኝም።

እኛ ጸሐፊ ነን ባዮች አንባቢ ጠፋ እያልን እናማርራለን። አንባቢ ማለት ምን እንደሆነ ግን አሁን አውቃለሁ፤ የጻፍከውን ሁሉ የሚያምንህ ሰው ነው፣ ከሱ ይሰውርህ። ኦሪት የሆነውን እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ጫማው ለምዶላታል። እኔ የዚያኑ ዕለት ወደ ታሪኩ ተመልሼ ቢረሳውን አሰናበትሁ፣ ጀምበሬን ወደ ቦታው መለስሁ፣ ፈንታንም በአድማሱና በመኮንን መካከል በክብር አስቀመጥሁት። አባ ያይህ ለመጀመሪያ ጊዜ አውራ ጣት ላኩልኝ። አስተዳዳሪያችንም አይቶ ኖሯል፣ ከሥሩ ጻፈልኝ፦ «እትዬ፣ አሁንም ስም በዛብሽ።»

«ይብዛ» ብዬ መለስኩለት።