ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድንጋይ እና የጋሽ ተፈራ መኪና

ጉዴን ስሙ! ዛሬ ጠዋት ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ አይቼ ሻዬ ትን አለኝ።

ትልልቅ ጎማ ያላት፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ፣ ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ የእሽቅድምድም መኪና። የመጫወቻ። በሪሞት የምትነዳ። "የድሮ ናት፣ ምን እንደሆነች የሚያውቅ አለ?" ይላል ፖስቱ።

አለ እንጂ! ሚስት ያሳጣችኝን መኪና ላላውቃት ነው?

ኮመንት ልጽፍ ጀምሬ ረዘመብኝ። በሰው ፔጅ ላይ ከማለቅስ እዚሁ ልናዘዝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰባዎቹ መጨረሻ። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት፣ ፀጉሬ አፍሮ፣ አፌ ደግሞ ከአፍሮዬም የሰፋ። "እኔ የማልጠግነው የተሰበረ ልብ ብቻ ነው" እያልኩ በአደባባይ እሄድ ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ።

ማርታን እወዳታለሁ። እሷም ትወደኛለች። ችግሩ አባቷ ናቸው፣ ጋሽ ተፈራ።

ጋሽ ተፈራ ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድተዋል። ዓይናቸው ደከመና ከባቡሩ አወረዷቸው። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የባቡር ጡሩምባ ማዳመጥ ሆነ ሥራቸው። ሰው አያናግሩም። ማርታ "ሽማግሌ ሊልክ ነው" ብትላቸው "አሁን ጊዜው አይደለም" ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ቀን አስጠሩኝ። ስለ ማርታ መሰለኝ። ለካ የጠሩኝ ለሙያ ነው።

ቡፌያቸው ላይ፣ በዳንቴል ተሸፍና፣ ያቺ መኪና! ፈረንጅ አለቃቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ከሰጣቸው ካርቶን የወጣች ናት።

"ይቺ ምንድነች?" አሉኝ።

ገለበጥኳት። "ጌጥ ናት ጋሼ" አልኩ በሙሉ ድፍረት።

"ጌጥ ሞተር አለው?"

አንስቼ ብብቴ ሥር ወሸቅኳት።

ሱቄ ወስጄ ስፈታት ሆዷ ውስጥ የራዲዮ ሰሌዳ! ሰሌዳው ላይ ደግሞ ቁጥር የተጻፈባት፣ ሞገዱን የምትወስን፣ ጥፍር የምታክል ክሪስታል። ያንን ቁጥር አውቀዋለሁ!

የት? ጋሽ ተፈራ ዓምና "አልናገር ያለኝ ራዲዮ" ብለው ያመጡልኝ ሣጥን ውስጥ። ረጅም አንቴና አለው፣ ፊቱ ላይ ሁለት ዘንግ። እኔ አንዱ የድምፅ፣ ሌላው የጣቢያ መስሎኝ! "ጋሼ፣ ስፒከሩን ሰርቀውታል" ብዬ ስፒከር ገጠምኩለት።

ሪሞት ላይ ስፒከር የገጠመ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ እጁን ያውጣ።

እያፈርኩ ሄጄ ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ ያ ራዲዮ አይደለም፣ መሪ ነው። ይቺን መኪና እርስዎ ቆመው ይነዷታል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበራቸው ቀና አሉ። "እኔ? እኔ ልነዳ?"

"እርስዎ።"

ዘንግ የያዙ ይመስል እጃቸውን አየር ላይ ወደፊት ገፋ አደረጉ። ከዚያ፣ "አስነሳልኝና ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና" አሉኝ።

አቦ! በዚያ ቀን ከዚራ ጠበበችኝ።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለም። ጥርሷ የረገፈውን ማርሽ የባቡር ጥገና ክፍል የሚሠራ ጓደኛዬ ከነሐስ ሞርዶ ሠራልኝ። የተበላውን የፊት ጎማ ከእናቴ ነጠላ ጫማ ቆርጬ አወጣሁ። (እናቴ እስካሁን አታውቅም፣ ነፍሷን ይማር።) ሞተሩን እንዲያዞር አንድ ትንሽ የሞተር ሳይክል ባትሪ ሆዷ ላይ አሰርኩ። ስፒከሩን በጨለማ እንደሚሰርቅ ሰው ቀስ ብዬ ነቀልኩ።

የቀረው ድንጋይ ነው። ልጆች፣ ድንጋይ ስንል የራዲዮ ባትሪ ማለታችን ነበር። ሪሞቱ ስምንት ይፈልጋል፣ መኪናዋ ውስጥ ያለው የራዲዮ ሰሌዳ ደግሞ አራት። ድንጋይ ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም። ተለምኖም ተዙሮም የተገኘው ስምንት ብቻ።

ታዲያ ምን ችግር አለ? የድሬ ፀሐይ አለች!

የሞተ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ነፍስ ይዘራል። ይህን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም፤ ስንት ዜና የሰማነው በተሰጣ ድንጋይ ነው! አራት የሞቱ ድንጋዮች ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለሁለት ቀን አሰጣሁ። መኪናዋ ላይ ገጠምኳቸው፣ ስምንቱን አዲስ ደግሞ ሪሞቱ ላይ። ሠሩ! ከሱቄ በር እስከ ማዶው ዛፍ ሄዳ ተመለሰች። ባለሙያ ነኛ!

እሑድ ከሰዓት። ሱፍ ለብሻለሁ፣ ክራቫት አስሬያለሁ፣ በዚያ ሙቀት! ሦስት ሽማግሌዎች አስከትያለሁ፣ ከፊት የሱቅ ጎረቤቴ አው አህመድ። ጋሽ ተፈራ የድሮ የባቡር ኮፍያቸውን አድርገው ደጅ ቆመዋል። ማርታ በመስኮት።

ሪሞቱን አቀበልኳቸው። አንቴናውን መዘዙ። ነዷት።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ዓይናቸው መኪናዋን አጥርቶ እንደማያይ አውቃለሁ፣ ግን በድምፅዋ ይከተሏታል። አዞሯት፣ አቆሟት፣ አስነሷት። በአፋቸው ጡሩምባ ነፉ! አው አህመድ "ማሻአላህ!" አሉ። ማርታ እንባዋን ጠረገች። እኔ የሠርግ ካርድ እያሰብኩ ነበር።

"እስቲ ሙሉውን ልስጣት" አሉ ጋሽ ተፈራና ዘንጉን እስከ መጨረሻ ገፉት።

በዚያችው ደቂቃ አራቱ ድንጋዮች ሞቱ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ትንሹ ድንጋይ ሲያልቅ መኪናዋ ትእዛዝ መስማት ታቆማለች፤ ትልቁ ባትሪ ግን ሞተሩን ማዞሩን ይቀጥላል። አሁን መሪ የለም፣ ማቆሚያ የለም፣ ፍጥነት ብቻ!

"አቁማት!" ይላሉ ጋሽ ተፈራ ዘንጉን እየጎተቱ። በምን ላቁማት?

መንገዱን ተሻግራ ቀጥታ ወደ ቀበሌው አዳራሽ። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ውይይት አለ። ጓድ ሊቀመንበር ንግግር ላይ ናቸው።

ገባች!

ጩኸት። ወንበር ሲወድቅ። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ እያነከሱ፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ወድረው፣ አንዱ መኪናዋን እንደ ዶሮ ዘቅዝቆ ይዟት ወጡ።

ጋሽ ተፈራ አንቴና ይዘው መሃል መንገድ ቆመዋል።

"ይሄን የመገናኛ መሣሪያ ማን ሠራው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞሩ። ስሜን አልጠሩም። ጠበቁኝ ብቻ።

ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ተከትለው አዩኝ። "አንተ ታውቃለህ?"

አሁን ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው? ያ ከተማውን የሞላው አፌ?

"እኔ... መንገደኛ ነኝ" አልኩ።

መንገደኛ! በሱፍ፣ በክራቫት፣ ከሦስት ሽማግሌ ጋር! አው አህመድ ዞር ብለው አዩኝ፣ "ያ ረቢ" አሉና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

"የኔ ነው" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ጥያቄ ካለ እኔን ጠይቁ።"

ወሰዷቸው። ቀበሌ አደሩ።

በማግሥቱ ገና ሱቄን ሳልከፍት ማርታ በሩን ደበደበችው። "መንገደኛው! ተነስ!" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። አራት አዲስ ድንጋይ ከአንድ የባቡር ተሳፋሪ ለምኜ ቀበሌ ሄድኩ። "እኔ ነኝ የሠራሁት፣ መጫወቻ ነው" አልኩና አሳየኋቸው። ጓድ ሊቀመንበር ራሳቸው ሪሞቱን ተቀብለው ጠረጴዛ ዙሪያ ነዷት። ሳቁ! ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

አምስት ደቂቃ! ያን ቀን ብናገር ኖሮ እዚያው መንገድ ላይ ያልቅ ነበር።

ጋሽ ተፈራ መኪናዋን አቅፈው ወጡ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጃቸውን አነሱ።

"ድንጋዩን ተወው፣ ዕቃ ይበላሻል" አሉኝ። "ባቡር ላይ ፍሬን ሲበጠስ ሁለት ዓይነት ሰው አይቻለሁ። አንዱ እስከ መጨረሻው እጀታውን ይዞ ይታገላል። ሌላው ተሳፋሪውን ትቶ ይዘላል። ልጄን ለሚዘል ሰው አላሳፍራትም።"

ሽማግሌ መለሱ። ማርታም አልተከራከረቻቸውም፤ እሱ ነው የጎዳኝ። በዓመቱ ከከተማ ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው አገባች። ቆንጆ ሠርግ ነበር አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ በሽታ ይዞኛል። "ማነው?" የሚል ጥያቄ ከሰማሁ አፌ ሳያስፈቅደኝ "እኔ ነኝ!" ይላል። መስታወት ተሰበረ? እኔ ነኝ! መብራት ጠፋ? እኔ ነኝ!

በቀደም የጎረቤት ፍሪጅ ተቃጠለ። "ማነው የነካው?" ብለው ሲጮኹ በአጥር ላይ ሆኜ "እኔ!" አልኩ። ፍሪጁን በዓይኔ አይቼው አላውቅም! ይኸው ሠርተህ መልስ ተብዬ፣ እሱን ፈትቼ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

እስቲ በናታችሁ፣ ይሄ ድፍረት የሚሉት ነገር ያን ቀን የት ሄዶ ነው ዛሬ በሰው ፍሪጅ የሚመጣብኝ?