ከቦዩ ጭራ የተላከ መልስ

እኛ ሰዎች ስብሰባ እንወዳለን። የዕድሩ ድንኳን ይቀየር አይቀየር ብለን ግማሽ ቀን እንከራከራለን፤ አንዱ ተነስቶ ሌላው የተናገረውን ይደግማል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ቀደም ሲል እንደተባለው» ብሎ ያንኑ ይለዋል፤ ማንም ግን ሳይጠየቅ ወደ ቤቱ አይገባም። ታዲያ አንባቢዎቼ፣ ሐዘናችንን፣ ገበያችንንና ወሬያችንን ጠቅልለን ያስገባንበት ስልክ በማን ሕግ ይተዳደር ተብሎ የተጠራንበት ስብሰባ ትዝ ይላችኋል? እኔም ትዝ አይለኝም።

ይህን እንዳስብ ያደረጉኝ አያ ሙሄ ናቸው። አያ ሙሄ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ቀበሌ የውሃ አባት ናቸው፤ ክረምት ላይ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ሲያጠጣ ተራ የሚያስከብሩት፣ ጠብ የሚያበርዱት እሳቸው ናቸው። ጎርፍ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ቦዩን በጊዜ ካልከፈቱለት አልፎ ይሄዳል፤ በዚያ ቆላ አንድ ጎርፍ ያመለጠው ማሽላ ፍሬ ላይይዝ ይችላል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተራራው ሥር ያሉት ሰዎች በስልክ ቡድናቸው «መጣላችሁ!» የሚል ድምፅ ይልካሉ፤ ታች ያሉት ዶማቸውን ይዘው ይሮጣሉ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አያ ሙሄ ስልካቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። እንግሊዝኛ ስለማስተምር የስልክ ጣጣ ሁሉ ወደ እኔ ነው። ቡድናቸው ያለበት መተግበሪያ ደንቡን መቀየሩን ገልጾ፣ ቀነ ገደብ ቆርጦ «ይስማማሉ?» ይላል። እንደ ልማዴ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ልጫን ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ እንጂ መምህር! ጠየቁን እኮ!»

ደስታቸውን ብታዩ! በእነሱ የውሃ ጉባኤ መጀመሪያ የሚናገረው ማሳው ከቦዩ ጭራ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ጥሙን የሚያውቀው እሱ ነዋ። «እኛ የዓለሙ ጭራ ላይ አይደለን? ለዚያ ነው ቀድመው የጠየቁን» አሉኝ። እንዲያ እንዳልሆነ ባውቅም ደንቡን ለጉባኤው ልተረጉም ተስማማሁ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ጉባኤው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ዱዓ ተደረገ፤ እኔም ደንቡን እየተረጎምኩ አነበብኩ። ስንት ዓመት ሳላነብ ስስማማበት የኖርኩትን ነገር በአርባ ገበሬ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ሁለት ነገር አልዋጥላቸው አለ፦ የመተግበሪያው ባለቤቶች ደንቡን በፈለጉ ጊዜ ብቻቸውን መቀየራቸውና ጠብ ቢነሳ ዳኛው ባሕር ማዶ መሆኑ።

«ማሳውን ሳያይ ሊፈርድ? ወላሂ ይሄስ አይሆንም!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

አርባ አውራ ጣት ያረፈበት ደብዳቤ ተጻፈ። ፎቶ አንስቼ ለባለቤቶቹ ላክሁት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን። ለዚህ መልእክት ምላሽ አይላኩ።»

አያ ሙሄ «አልስማማም» የሚለውን ተጭነው፣ ሊያነጋግራቸው የሚላከውን ሽማግሌ ይጠብቁ ጀመር። ማንም አልመጣም። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ከቡድኑ ተቆረጡ። አብረዋቸው የፈረሙትስ? ክረምቱ ሲገባ ፈርተው በየግላቸው ተስማምተው ኖሯል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ከእነሱ ቀድሜ የተስማማሁ ሰው ነኝ።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ከቀትር በኋላ፣ ጎርፉ ወረደ። «መጣላችሁ!» የሚለው ድምፅ ሁሉም ጋ ደረሰ፤ ሁሉም አያ ሙሄ ሰምተዋል ብሎ ወደየቦዩ ሮጠ። እሳቸው ጫጫታውን ሰምተው ሲደርሱ ውሃው ማሳቸውን አልፎ ሄዷል። ሌላውን ሁሉ ተራ ሲያስጠብቁ የኖሩት ሰው ደረቅ ቦያቸው ዳር ቆመው ሳያቸው አንጀቴን በሉኝ።

በማግስቱ ስልኩን ይዘው ቤቴ መጡ። «በል ተጫንልኝ» አሉኝ፤ ሌላም ጎርፍ ይመጣላ። ጣቴን ሳስጠጋ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«መምህር፣ ተስማማ እንዳትላቸው። ተሸነፈ የሚል የለውም?»

ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የለውም።