ሥር የሌለው ሣር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የተማረ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ማየት ሲያቅተው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መካነ ሰላም ላይ ገጥሞኛል። አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ነው፤ ድርቁ ገና አልለቀቀንም። ከከተማ አንድ የመኖ ባለሙያ መጣና ገበሬውን ሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ባለሙያው ዙሪያውን ቃኘ፤ ከዚያም በመንደሩ ምንጭ አጠገብ የቀረችውን አንዲት ለምለም ሣር ከነሥሯ መዥርጦ ነቀላት።

«ይህን ነጭ ክር አያችሁት? ጠቃሚ ፈንገስ ነው። ከአፈሩ ውሃና ምግብ እየሳበ ለሥሩ ያቀብላል፤ ሣሩም ይፋፋል። ስለዚህ ሣር ከነሥሩ አትንቀሉ!»

አጨብጭቡ ተባልን፤ አጨበጨብን። ምን እናድርግ?

አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ተነሡ። «የኔ ጌታ፣ እኔ እንኳ በሬዬን የቤቴን ክዳን እየመዘዝኩ ነው የማበላው። ግማሹ አልቋል። ጣራ ላይ ላለው ሣርስ ይኸ ፈንገስ ይደርስለታል?»

«ከርዕሳችን አንውጣ!» አለ ባለሙያው፤ ስብሰባውም ተበተነ።

በሳምንቱ የአያ ይመር ጣራ ባዶ የወራጅ እንጨት ሆኖ ቀረ። በሬውም አልተረፈም።

ቃለ ጉባኤው ግን ዛሬም ፋይል ውስጥ አለ። መጨረሻው ላይ «ከገበሬው የተነሣ ጥያቄ የለም» ይላል። ጽሕፈቱም ፊርማውም የእኔ ነው።