ክብርት ደራሲና ያልተመዘገበችው ቀንድ አውጣ

ዛሬ ረቡዕ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እኔ የማተሚያ ቤቱ በር ጠባቂ ይህን ጽፌአለሁ። የጻፈውን ይዞ አድማጭ ፍለጋ የሚዞር ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ከሁሉም ግን ለልጆች የሚጽፈውን ያህል የሚያደክም ፍጥረት የለም።

የእኛዋ ክብርት ደራሲ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አንዲት የቀንድ አውጣ ታሪክ ሲጽፉ፣ ሲሰርዙ፣ መልሰው ሲጽፉ ሦስት ዓመት ሞላቸው። ቀንድ አውጣዋ ጠዋት ከትምህርት ቤት በር ተነሥታ፣ ልጆቹ ለምሳ ሳይወጡ በሰው እርምጃ አሥራ አንድ ተጉዛ ከውሃው ቧንቧ ትደርሳለች። አለቀ። ለዚህ ሦስት ዓመት!

ታሪኩን ለአሳታሚው ሊያሳዩ ወደ እኛ በመጡበት መጀመሪያ ቀን ቦርሳቸውን ስፈትሽ፣ ከወረቀቱ ሥር ክዳኑ የተበሳሳ የማርማላታ ጠርሙስ አገኘሁ። ውስጡ ቀንድ አውጣ፣ በሕይወት ያለች።

“ይህቺ በመዝገብ የለችም፤ አታልፍም” አልኋቸው።

“ጋሼ፣ ባለታሪኳ እኮ ናት!”

“ባለታሪክም ብትሆን መታወቂያ የላትም።”

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ገብተው እስኪወጡ ጠርሙሱ እኔ ዘንድ ይቆያል። አንድ ቀን፣ “እስከ ስንተኛ ተማሩ?” አሉኝ። ጥያቄው አላማረኝም፤ ቢሆንም “እስከ አራተኛ” አልሁ። ፊታቸው በራ። “የምጽፈውስ ለአራተኛ ክፍል አይደል! እርስዎን ነበር የምፈልገው።” እንዲህ ያለ ስድብ በፈገግታ ተነግሮኝ አያውቅም።

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡልኛል። ዓይኔ ወደ መንገዱ ዘወር ባለ ቁጥር፣ “እዚህ ጋ ሰለቸዎት!” ብለው መስመሩን በእርሳስ ይሰርዙታል። ሥራዬ መንገድ ማየት ነውና፣ ታሪኩ ከአርባ ገጽ ወደ ስድስት ወረደ። መጽሐፍ የሚጠርዘው ባልደረባዬ፣ “ጋሼ፣ ትንሽ ደግሞ ካዩ መጽሐፉ ፖስታ ካርድ ይሆናል” ይለኛል።

ትናንት ከአሳታሚው ቢሮ ሲወጡ ግን ምንም አላነበቡም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

“ቀንድ አውጣ በግማሽ ቀን ያን ያህል አትሄድም፣ ልጆችን የሚያታልል መጽሐፍ አላትምም አሉኝ። ይቅር በቃ፣ ጋሼ። እኔም ደክሞኛል።”

“እትዬ፣ ሄዳ አይተዋታል?”

“ጠርሙስ ውስጥ ናት፤ የት ትሄዳለች?”

ጠርሙሱንም ሳይወስዱ ሄዱ።

እኔ ሰው የነገረኝን አላምንም፤ አሳታሚ ቢሆንም። ዛሬ ጠዋት ዝናቡ እንዳባራ፣ ከበሩ እስከ ግቢያችን ቧንቧ አሥራ አንድ እርምጃ ለካሁ፤ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ለቀቅኋት። ሁለት ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ አልነካኋትም። አሳታሚው በመኪናቸው መጥተው ጥሩምባ ሲነፉ በሩን አልከፈትሁም።

“ምን ሆነሃል? ክፈት እንጂ!”

“ይታገሡ ጌታዬ፣ ሰው እያለፈ ነው።”

ወርደው በእግራቸው ገቡ። ጎንበስ ብለው ጠመኔውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ቢሮአቸው አልሄዱም፤ አጠገቤ ቆሙ።

በመዝገቡ ላይ “ባለታሪክ፣ አንዲት” ብዬ ጽፌአለሁ። የተነሣችው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቧንቧው ሥር የደረሰችው የማተሚያ ቤታችን የምሳ ደወል ሊደወል አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው።