የጋሽ ተስፋዬ የመስታወት ጣራ

መኪናውን እንደ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የጉለሌው ጎረቤቴ ጋሽ ተስፋዬ እንዲያ ናቸው። ጣራዋ ከዳር እስከ ዳር መስታወት የሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው፣ ከዊንጌት ያሳፈሩትን ሁሉ «እስቲ ቀና በል፤ ሰማዩን እይ» ይሉ ነበር።

ክረምት ሲገባ ደጅ በቆመችበት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወድቆ ጣራዋን ሰነጠቀው። ሰፈርተኛው ሰው እንደሞተባቸው ሁሉ «እግዜር ያጽናዎት» ሊል ተሰበሰበ። እኔም ከንፈሬን መጠጥኩ፤ ምን ላድርግ? አዲስ መስታወት ከቻይና እስኪመጣ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ከረመች። ጋሽ ተስፋዬም ደመና ባዩ ቁጥር እየወጡ ሸራውን ያጠብቁ ነበር።

መስታወቱ በተገጠመ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። እሳቸው እኔን አስከትለው መኪናዋ ውስጥ ገብተው ጣራውን ጥግ በጥግ ዳሰሱ።

«ጠብ የሚል ነገር የለም» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ጋቢ ተከናንበው መጡና ከኋላ ገቡ።

«የት ልንሄድ ነው?» አሏቸው ጋሽ ተስፋዬ።

«የትም። የመኝታ ቤታችን ቆርቆሮ አልጋው ላይ እያፈሰሰ ነው። የማያፈስ ጣራ ያለን እዚህ ብቻ ስለሆነ እዚሁ ጋደም ልበል።»

ጋሽ ተስፋዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። በማግስቱ ጣራ የሚሠራ ሰው ይዘው መጡ። እትዬ አልማዝ ከመኪናዋ የወረዱት ምስማር ሲመታ ሰምተው ነው አሉ።