ጾም የሌለው ቅበላ

የአንድ አገር ስም በተነሣ ቁጥር «ሕዝቡ ይጾማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ደብረ ታቦር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቶናል። የአገሩን ዋና ከተማ ባያውቅ ግድ የለውም፤ ሕዝቡ የማይጾም ከሆነ ግን አገሩ መኖሩን ራሱ ይጠራጠራል። አከራዬ አያ ታረቀ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ልጃቸው ስንዱ እንግሊዝ አገር ነርስ ሆና ከሄደች ወዲህ ጥያቄው እንቅልፍ ነሥቷቸዋል።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ደስ ይበላቸው ብዬ አስረዳኋቸው። «እንግሊዞች ጥንት ጾማቸው ሊገባ ሲል፣ ቤት ያለው እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንዲያልቅ ፓንኬክ የሚሉትን ስስ ቂጣ ይጋግሩ ነበር። ዘንድሮ የእነሱ ጾም ከእኛ ዘግይቶ ስለሚገባ ቀኑ ዛሬ ነው። እስካሁን ያከብሩታል። የእኛ ቅበላ ማለት ነው።»

«እሰይ! ታዲያ ከነገ ጀምሮ ሊጾሙ ነዋ?»

«ጾሙን እንኳ አብዛኞቹ ትተውታል።»

አያ ታረቀ ፊታቸው ጠቆረ። «ታዲያ መምህር፣ ማንን ነው የሚቀበሉት?»

መልሱን ካነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ ልፈልግላቸው ገባሁ።

ማምሻውን ስንዱ ደወለች፤ አያ ታረቀ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረጉት። «አባዬ፣ ዛሬ ሥራ ቦታ ፓንኬክ ጋብዘውን ነበር።»

«በላሽ?»



«ሁሉም ሲበሉ ብቻዬን መቅረት ከበደኝ። በላሁ፣ አባዬ።»

አያ ታረቀ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እንግዲያስ ቅበላውን አብረሻቸው በልተሻል» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ጾሙን ደግሞ አንቺ ጹሚላቸው።»